የኢዛና ዘመን የሮማ ሳንቲሞች፦ በመሰብሰብ የተማርኩት

የጥንት የሮማ ንጉሠ ነገሥታትን ሳንቲሞች መሰብሰብ ለሚያስቡ አንባቢዎች ይህን የምጽፈው ለንደን ውስጥ እየኖርኩ በትርፍ ጊዜዬ ለዓመታት ስሰበስብ ካየሁትና ካረጋገጥኩት በመነሣት ነው። የሳንቲም መዘርዝሮች የሚጠቀሙት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ አንባቢው ወደ እነርሱ ሲሄድ እንዳይቸገር እኔም ከአንድ የአገራችን አዋጅ በቀር ዓመታቱን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር አስቀምጫለሁ። ዋናውን ምክሬን ከመነሻው ልንገራችሁ፦ ሳንቲም ከመግዛታችሁ በፊት ማንበብን ተማሩ፤ ስትገዙም ያነበባችሁትንና ከየት እንደመጣ የሚነገራችሁን ብቻ ግዙ። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ከዚህ ምክር የሚመነጭ ነው።

የሮማ ንጉሠ ነገሥታት ሳንቲም ከአውግስጦስ ጀምሮ እስከ ምዕራቡ መንግሥት ውድቀት፣ ማለትም እስከ 476 ድረስ፣ አምስት መቶ ዓመት የሚሸፍን፣ ከስፔን እስከ ሶርያና ግብፅ ባሉ ከተሞች የታተመ እጅግ ሰፊ ነገር ነው። መደበኛው መዘርዝር አሥር ቅጽ ያለው ሲሆን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶችን ይመዘግባል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው በዕድሜው ሊያውቀው አይችልም፤ ስለዚህ አንድ ጥግ መምረጥ ግድ ይላል። ብዙ ጀማሪዎች የሚመርጡት ስማቸው የገነነውን፣ አውግስጦስን፣ ኔሮንን ወይም ማርቆስ አውሬሊዮስን ነው። የእነዚህ ሳንቲሞች ውድ ናቸው፤ ሐሰተኛ ሠሪዎችም አብዝተው የሚደክሙት በእነርሱ ላይ ነው። እኔ የመረጥኩት ከ337 እስከ 361 የነገሠውን የታላቁ ቆስጠንጢኖስን ልጅ፣ ዳግማዊ ቆንስታንቲዮስን ነው፤ የመረጥኩበትም ምክንያት ከአገሬ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ቆንስታንቲዮስ በ356 አካባቢ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ነበር። በደብዳቤውም ጳጳሱን ፍሬምናጦስን፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸውን፣ ሃይማኖታቸው ይመረመር ዘንድ ወደ ግብፅ እንዲልኩለት ጠየቀ። ደብዳቤው ለእኛ የደረሰው ፍሬምናጦስን የሾመውና በንጉሠ ነገሥቱ የተሰደደው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ በመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ ስላስገባው ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለኢዛና የጻፈውን ሰው ምስል የያዘ፣ ያውም በዚያው ዘመን በሰዎች እጅ የተዘዋወረ ነሐስ በገበያ ላይ በአንድ ምሳ ዋጋ እንደሚገኝ ማወቄ እንዳስደነቀኝ አለ። እናንተም ጥግ ስትመርጡ ከልባችሁ የሚገባችሁን ታሪክ ተከተሉ፤ ጥያቄ ያላችሁ ሰብሳቢዎች ስትሆኑ የምትገዙት ይቀንሳል፣ የምታውቁት ግን ይበዛል።

የቆንስታንቲዮስ ነሐስ ለጀማሪ የሚመችበት ሌላም ምክንያት አለ። በአራተኛው መቶ ዓመት የታተመው ነሐስ እጅግ ብዙ ነው፤ በድንጋጤም ሆነ በጥንቃቄ በማሰሮ ተቀብሮ የቀረውም እንዲሁ። በ2013 በእንግሊዝ አገር በዴቨን፣ ሲተን ዳውን በተባለ ስፍራ የተገኘው ክምችት ብቻ 22,888 ሳንቲሞች ነበሩት፤ አብዛኞቹም የቆስጠንጢኖስና የልጆቹ ነበሩ። ከዚህ ብዛት የተነሣ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ የሚነበብ መልካም የቆንስታንቲዮስ ነሐስ ከ15 እስከ 40 ፓውንድ ባለው ዋጋ ይገኛል። ወርቁ፣ ሶሊደስ የሚባለው፣ ብዙ መቶ ፓውንድ የሚጠይቅና ከዚያም የሚያልፍ ስለሆነ ለእኔ በሙዚየም መስታወት ውስጥ የማየው ነገር ነው።

አሁን ወደ ንባቡ እንግባ። በፊተኛው ገጽ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ወደ ቀኝ ዞሮ ይታያል፤ ራሱን በዕንቁ ወይም በጽጌረዳ ቅርጽ ባጌጠ ማሰሪያ አስሯል። ጽሑፉ ከምስሉ በስተግራ ከታች ጀምሮ እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞራል። በላቲን ፊደል መጀመሪያ የሚመጡት «ዲ» እና «ኤን» ናቸው፤ «ጌታችን» የሚለው ማዕረግ ምሕጻር ነው። ቀጥሎ ስሙ ይመጣል፤ ከስሙ በኋላ «ፒ» እና «ኤፍ»፣ ይኸውም ሃይማኖተኛና ባለ መልካም ዕድል የሚል ማዕረግ፤ በመጨረሻ «አውግ»፣ አውግስጦስ ለሚለው የንጉሠ ነገሥትነት ማዕረግ። በዚያ ዘመን የ«ዩ» ድምፅ የሚቀረጸው በ«ቪ» ፊደል ስለሆነ ጀማሪው «ቪ» ባየ ቁጥር «ዩ» ይሆን ይሆናል ብሎ ይሞክር።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በስሙ ላይ ነው። ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ለሦስቱ ልጆቹ እጅግ የሚመሳሰሉ ስሞች ሰጥቷል፦ ቆስጠንጢኖስ፣ ቆንስታንቲዮስና ቆንስታንስ። ሦስቱም በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዓይነት የጀርባ ሥዕል፣ በአንድ ማተሚያ ቤት ሳንቲም ታትሞላቸዋል። ስማቸው በላቲን ፊደል ሲቆጠር የቆንስታንስ 8፣ የቆንስታንቲዮስ 11፣ የቆስጠንጢኖስ 12 ፊደል አለው። ጽሑፉ በከፊል ጠፍቶ ሳለ የቀሩትን ፊደላት ቦታ መቁጠር ስንት ጊዜ እንደጠቀመኝ ልናገረው አልችልም፤ በተለይ የስሙ ፊደላት በምስሉ ራስ ጫፍ ላይ የሚከፈሉበትን ስፍራ አስተውሉ። ታናሹ ቆስጠንጢኖስ በ340፣ ቆንስታንስ በ350 ስለሞቱ የጀርባው ሥዕል ከ350 በኋላ የታተመ ዓይነት ከሆነ ሁለቱም ከግምት ይወጣሉ። እዚህ ላይ ግን ሌላ ወጥመድ ይመጣል። ከ351 እስከ 354 ቄሣር፣ ማለትም የንጉሠ ነገሥቱ ምክትል ገዢ፣ ሆኖ ምሥራቁን ያስተዳደረው የንጉሠ ነገሥቱ የአጎት ልጅ ጋሉስ በሳንቲም ላይ የሚጠራው በዚያው በቆንስታንቲዮስ ስም ነው። ልዩነቱ ሁለት ነው፤ ጋሉስ ራሱ ላይ ማሰሪያ የለውም፣ ጸጉሩ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ማዕረጉም አውግስጦስ ሳይሆን ክቡር ቄሣር የሚል ነው። ሻጮች እንኳ ሁለቱን እያቀላቀሉ ስለሚያቀርቡ ይህን የለየ ሰው የጋሉስን ሳንቲም በቆንስታንቲዮስ ዋጋ ያገኛል።

የጀርባው ገጽ ዘመኑን ይነግራል። ከ330 ጀምሮ በብዛት የታተመው «የሠራዊት ክብር» የሚለው ጽሑፍ ያለበት ሲሆን ሁለት ወታደሮች ቆመው በመካከላቸው የጦር ዓርማ ይታያል። ዓርማው ሁለት ከሆነ እስከ 335 ባለው ጊዜ የታተመ ነው፤ አንድ ከሆነ ከዚያ በኋላ። ከ342 ገደማ እስከ 348 ድረስ በምሥራቁ በብዛት የወጣው በአበባ ጉንጉን ውስጥ የተጻፈ የስእለት ጽሑፍ ብቻ ያለበት ትንሽ ሳንቲም ነው። በ348 ትልቅ ለውጥ መጣ፤ «ፌል ቴምፕ ሬፓራቲዮ» የሚል፣ መልካሙ ዘመን ተመለሰ ማለት የሆነ ጽሑፍ ያለበት አዲስ ሳንቲም ወጣ። ይህ ጽሑፍ ከልዩ ልዩ ሥዕሎች ጋር ይመጣል፦ ፊኒክስ የተባለችው ወፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በመርከብ ላይ ቆሞ፣ ወታደር አንድን ትንሽ ሰው ከጎጆ ሲያወጣ። ከሁሉ ይልቅ የበዛው ግን ወታደር ከፈረሱ የወደቀን ጠላት በጦር ሲወጋ የሚያሳየው ነው። የወደቀው ሰው አንዳንዴ የፈረሱን አንገት ያቅፋል፣ አንዳንዴ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ይለምናል፣ አንዳንዴ መሬት ላይ ተቀምጧል። የዘመኑን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ይህን ሥዕል ያለ ስሜት አያየውም፤ በቆንስታንቲዮስ ዘመን የፋርሱ ንጉሥ ሻፑር የድንበሯን ከተማ ንጽቢንን ሦስት ጊዜ ከቦ ነበርና። ስለ ድልና ስለ መልካም ዘመን የሚያውጀው ሳንቲም በዚህ ሁሉ መካከል የወጣ ነው።

ከሥዕሉ በታች፣ ከመስመሩ ግርጌ፣ ጥቂት ፊደላት አሉ። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመለከተው ይህን ስፍራ ነው፤ ሳንቲሙ የታተመበትን ከተማ የሚናገረው እርሱ ነውና። በዘመኑ ከደርዘን የሚበልጡ ማተሚያ ቤቶች ይሠሩ ነበር፤ ትሪር፣ አርል፣ ሮማ፣ ሲስኪያ፣ ተሰሎንቄ፣ ቁስጥንጥንያ፣ ኒቆምድያ፣ ኪዚቆስ፣ አንጾኪያ፣ እስክንድርያና ሌሎችም። እኔ የምኖርባት ለንደን ራሷ ማተሚያ ቤት ነበራት፤ ነገር ግን በ325 ተዘግቶ ስለነበር የቆንስታንቲዮስን ሳንቲም በለንደን ምልክት የምናገኘው አባቱ ሳለ ቄሣር ሆኖ በተሾመበት አጭር ጊዜ ብቻ ነው። የእስክንድርያ ምልክት «ኤ፣ ኤል፣ ኢ» የሚሉት የላቲን ፊደላት ናቸው፤ ከእነርሱ ቀጥሎ የሚመጣው የግሪክ ፊደል፣ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ ወይም ዴልታ፣ ከማተሚያ ቤቱ አራት ክፍሎች የትኛው እንዳተመው ያመለክታል። አንጾኪያ ግን እስከ 15 የሚደርሱ ክፍሎች ነበሯት። እኔ በእስክንድርያ የታተሙትን ከሌሎች አስበልጬ እፈልጋለሁ፤ ለአክሱም ከሁሉ የሚቀርበው ማተሚያ ቤት እርሱ ነው፤ አትናቴዎስም ፍሬምናጦስን የሾመው በዚያች ከተማ ነው።

ካነበባችሁ በኋላ መዝኑ። መቶኛ ግራም የሚለይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ ስፋት የሚለካ መለኪያና አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያለ እነርሱ መሰብሰብ የማይገባ ሦስት መሣሪያዎች ናቸው፤ ሦስቱም ከአንድ መልካም ሳንቲም ዋጋ አይበልጡም። ክብደት ስለ እውነተኛነት ብቻ ሳይሆን ስለ መንግሥቱ ኪስም ይናገራል። ዲዮቅልጥያኖስ በ294 አካባቢ ያወጣው ትልቅ ነሐስ ወደ 10 ግራም ይመዝን ነበር፤ ጥቂት ብርም ነበረበት። በ330 የወጣው «የሠራዊት ክብር» 2.5 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ የጦር ዓርማው አንድ ከሆነ በኋላ ደግሞ ወደ 1.6 ግራም ወረደ። በ348 የወጣው አዲሱ ትልቅ ሳንቲም ወደ 5 ግራም ተመለሰ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን ያው ከፈረስ የወደቀው ጠላት ሥዕል ከ2.5 ግራም ባልበለጠ ቁራጭ ላይ ሲታተም እናገኘዋለን። እነዚህን በተከታታይ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ማየት የዋጋ ንረትን በዓይን ማየት ነው። እኔ ስብስቤን ያዋቀርኩት በውበት ሳይሆን በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ ከንጹሕና ከሚያምር አንድ ሳንቲም ይልቅ የመጠኑን መውረድ የሚያሳዩ አምስት የተለመዱ ሳንቲሞች ብዙ ያስተምራሉ ብዬ አምናለሁ።

ወርቁ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ቆስጠንጢኖስ ያወጣው ሶሊደስ ፓውንድ ከተባለው የሮማ የክብደት መለኪያ በአንዱ ልክ ከተመዘነ ወርቅ 72 የሚወጣ፣ ወደ 4.5 ግራም የሚመዝን ነበር፤ ነሐሱ ሲዋዥቅ እርሱ እስከ አሥራ አንደኛው መቶ ዓመት ድረስ በመሠረቱ ጸንቶ ኖረ። የአክሱም ወርቅም ይህን ለውጥ ሳይከተል አልቀረም። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የመጀመሪያውን የአክሱም ሳንቲም ያሳተመው የንጉሥ እንዱቢስ ወርቅ 2.7 ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ በኢዛና ዘመን ወርቁ ወደ 1.6 ግራም ወርዶ ከሶሊደስ አንድ ሦስተኛ ጋር ተቀራረበ። በዚያው ዘመን ከንጉሡ ራስ በላይ የነበሩት ጨረቃና ክብ ምልክት ቀርተው መስቀል ተተካ። የሮማን ሳንቲም የሚያጠና ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያይ የራሱ አገር ንግድና ፖለቲካ ከቀይ ባሕር ማዶ ካለው ዓለም ጋር እንዴት ይናበብ እንደነበር በግራም ልክ ይረዳዋል።

ስለ ሐሰተኞች ደግሞ እውነቱ ይነገር። የሮማን ሳንቲም አስመስሎ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1500ዎቹ የፓዱዋው ጆቫኒ ዳ ካቪኖ የሠራቸው ትልልቅ ነሐሶች እስከ ዛሬ ጀማሪውን ያታልላሉ፤ ከ1772 እስከ 1830 የኖረው ጀርመናዊው ካርል ቪልሄልም ቤከር ደግሞ አዲስ የሠራቸውን ሳንቲሞች ከብረት ብናኝ ጋር በሣጥን አድርጎ በሠረገላ እያንገጫገጨ ያስረጃቸው ነበር። የአራተኛው መቶ ዓመት ተራ ነሐስ ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነ ለሐሰተኛ ሠሪ ብዙ አያተርፍም፤ ቢሆንም መጠንቀቅ አይቀርም። እውነተኛው ሳንቲም በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል በመዶሻ ተመትቶ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ፊደላቱ ከስር ጠርቀም ብለው ይነሣሉ፣ ጠርዙም አልፎ አልፎ ከምቱ ኃይል ይሰነጠቃል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ሐሰተኛ ግን ፊቱ በመነጽር ሲታይ በጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች የተሞላ፣ ፊደላቱ የደበዘዙ፣ በጠርዙም ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመር ወይም መስመሩን ለማጥፋት የተሞረደ ስፍራ ያለው ነው። ሁለት ሳንቲሞች በጉዳታቸውና በምስላቸው አቀማመጥ ሳይቀር አንድ ዓይነት ሆነው ካያችሁ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ነው፤ ጭረት ሁለት ጊዜ በአንድ ስፍራ አይወድቅምና።

ከሙሉ ሐሰተኛ ይልቅ በእኔ መስክ የሚያጋጥመው እውነተኛን ሳንቲም በመሣሪያ እየቀረጹ ማሳመር ነው። አንድ ጊዜ ለንደን ውስጥ በተደረገ የሳንቲም ገበያ አንድ ሻጭ በእስክንድርያ የታተመ ነው ያለውን ባለ ፊኒክስ ሳንቲም በጥሩ ዋጋ አቀረበልኝ። ምስሉ ለብዙ ዘመን በእጅ ተዘዋውሮ የተለሰለሰ ነበር፤ ከግርጌ ያሉት የማተሚያ ቤቱ ፊደላት ግን ጠርዛቸው ስለታም፣ ውስጣቸውም ከቀረው ገጽ ቀለም ይልቅ የፈካ ነበር። በመነጽር ሳየው በእያንዳንዱ ፊደል ሥር የመቅረጫ ጭረት ይታያል። ያየሁትን ለሻጩ በትሕትና ነግሬው ሳንቲሙን መለስኩ። እናንተም እንዲህ ያለውን ስታዩ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሳንቲሙ በአንድ ስፍራ ብቻ ለምን አላረጀም?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላክል። በብሪታንያ ምድር ከሚገኙት ከፈረስ የወደቀው ጠላት ሳንቲሞች መካከል ብዙዎቹ ትንንሽና ጽሑፋቸው የተንጋደደ፣ በዚያው ዘመን ያለ መንግሥት ፈቃድ የታተሙ ናቸው። በምዕራቡ ዙፋን የቀማው ማግኔንቲዮስ በ353 ከወደቀ በኋላ በምዕራቡ ሳንቲም ስለጎደለ ሕዝቡ የራሱን አስመስሎ ያትም ነበር። እነዚህ የዛሬ ማታለያ አይደሉም፤ ራሳቸውን የቻሉ የታሪክ ማስረጃዎች ናቸውና አትጣሏቸው። የማግኔንቲዮስ የራሱ ትልቅ ነሐስም ሊፈለግ ይገባዋል፤ የጀርባውን ገጽ የክርስቶስ ስም ምሕጻር የሆነው ምልክት ከአልፋና ከኦሜጋ ጋር ሞልቶታል።

ስለ ጽዳት አጭር ነኝ። ነሐስን አታሻሹ፤ ብርንም አትወልውሉ። ዘመን ያለበሰው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሽፋን የሳንቲሙ ቆዳ ነው፤ ከተፋቀ አይመለስም፣ ዋጋውም አብሮት ይሄዳል። ከአፈር ያልጸዱ ሳንቲሞችን በጅምላ የሚገዛ ሰው በተጣራ ውኃ ውስጥ እየዘፈዘፈ፣ ውኃውን እየለወጠ፣ በለስላሳ ብሩሽና በእንጨት ስንጥር ብቻ ይሥራ፤ ትዕግሥት ከሌለው ይተወው። በብርቱ ልትፈሩት የሚገባው የነሐስ በሽታ የሚባለውን ነው። መለያው ከጠንካራውና ከሚያንጸባርቀው አረንጓዴ ሽፋን ተለይቶ የሚታይ፣ ሲነካ የሚረግፍ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ነው። መንስኤው በብረቱ ውስጥ የቀረ የክሎሪን ጨው ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ነሐሱን ከውስጥ መብላቱ ነው። እንዲህ ያለውን ሳንቲም ባየሁ ጊዜ ወዲያው ከሌሎች እለያለሁ፤ በተጣራ ውኃ ደጋግሜ እዘፈዝፋለሁ፣ ፈጽሞ አደርቃለሁ፤ ካልቆመ ለባለሙያ እሰጣለሁ። ለንደን እርጥበት የበዛባት ስለሆነች በሣጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል አኖራለሁ። ፒቪሲ ከተባለው ለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ ማስቀመጫ ከጊዜ በኋላ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ፈሳሽ ስለሚያወጣ አትጠቀሙበት፤ የኦክ እንጨት ሣጥንም አሲድ ስለሚተነፍስ ለነሐስ አይሆንም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደማስብበት ጉዳይ ልምጣ፤ ይኸውም የሳንቲሙ መገኛ ነው። በእንግሊዝ በ1996 የወጣው የቅርስ ግኝት ሕግ ከአንድ ስፍራ የተገኙ ከ300 ዓመት በላይ የሆናቸው ሁለት የወርቅ ወይም የብር ሳንቲሞችን፣ ነሐስ ከሆኑም አሥርና ከዚያ በላይ የሆኑትን ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ከዚህም በተጨማሪ ነጠላ ግኝቶች በፈቃደኝነት የሚመዘገቡበት አገር አቀፍ ሥርዓት አለ። በዚህ የተመዘገበ ሳንቲም ስገዛ የተገኘበትን አጥቢያ ጭምር አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጥቂት ፓውንድ ብጨምርም አይቆጨኝም። እስራኤል ያላችሁ ወገኖች በ1978 የወጣው የቅርሳ ቅርስ ሕግ እንደሚመለከታችሁ፣ ሻጩ ፈቃድ ሊኖረው እንደሚገባና ከአገር ለማስወጣትም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ እወቁ። አሜሪካ ያላችሁም ከጣሊያንና ከቆጵሮስ በመሳሰሉ አገሮች የተገኙ ጥንታዊ ሳንቲሞች ወደ አገር ሲገቡ ገደብ እንዳለባቸው አትዘንጉ። በአንጾኪያና በአካባቢዋ የታተመ ሳንቲም የሚፈልግ ሰው ሁሉ ደግሞ በ2015 የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 2199 ሊያስብ ይገባዋል፤ ከኢራቅና ከሶርያ በሕገወጥ መንገድ የወጣ ቅርስ እንዳይሸጥ ያዛልና። ሻጭ «ከአንድ የቆየ የአውሮፓ ስብስብ» ብሎ ብቻ ሲያልፍ ደረሰኝ፣ የቀድሞ ጨረታ ቁጥር ወይም ፎቶግራፍ እጠይቃለሁ። ካጣሁ አልገዛም።

መገኛው ሲጠፋ ምን እንደሚጠፋ ለማሳየት ከአክሱም ዓለም አንድ ምሳሌ ይበቃል። በዛሬዋ ኤርትራ፣ መጠራ በተባለው ስፍራ የአርኪኦሎጂ ቁፋሮ ሲደረግ በነሐስ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ የወርቅ ጌጥ ተገኝቶ ነበር፤ መስቀሎች፣ ሰንሰለቶች፣ ብዙ ዶቃዎች፣ ከእነርሱም ጋር ለአንገት ጌጥ የተዘጋጁ 14 የሮማ የወርቅ ሳንቲሞች። ሳንቲሞቹ መስቀል ከያዘ ክምችት ጋር ሲገኙ ከታተሙ ብዙ ዘመን በኋላ በክርስቲያን ቤት እንደ ጌጥ ይደረጉ እንደነበር እንረዳለን። አንድ ሰው ቆፍሮ አውጥቶ አንድ በአንድ ቢሸጣቸው ኖሮ ዛሬ በየጨረታው 14 የማይተዋወቁ ወርቆች ይሆኑ ነበር፤ ስለ አክሱም ሰው የሚነግሩን ነገርም ባልኖረ ነበር።

ስለዚህ የአክሱም ሳንቲም አልገዛም። ይህን የምለው ባለመውደዴ አይደለም፤ ከመሰብሰብ ይልቅ ማየት ስለሚበልጥብኝ ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም የገንዘብ ታሪክ አዳራሽ በነፃ ይታያል፤ የሳንቲም ክፍሉንም አስቀድሞ ቀጠሮ የያዘ ሰው ለጥናት ይጠቀምበታል። አዲስ አበባ ያለ አንባቢ በብሔራዊ ሙዚየም፣ አክሱም የሄደም በዚያው በሚገኘው ሙዚየም የነገሥታቱን ሳንቲም ያገኛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከኢትዮጵያ ማውጣትን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያዛል።

አንድ የቅርብ ወዳጄ ከትግራይ ስልክ ደውሎ፣ «ወንድሜ፣ አንድ ገበሬ ሲያርስ ያገኛቸውን የቆዩ ሳንቲሞች እየሸጠ ነው፤ ላንተ ልግዛልህ ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። ለወዳጄ የመለስኩለትን ለእናንተም እደግመዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሁሉ ይህንኑ ቢያደርግ ይጠቅማል። ሳንቲሞቹ አይታጠቡ፣ አይፋቁ፣ አይነጣጠሉ። የተገኙበት ማሳ የት እንደሆነ፣ ስንት እንደነበሩ፣ በዕቃ ውስጥ ይሁን በአፈር ብቻ፣ አብሯቸው ሸክላ፣ አጥንት ወይም ድንጋይ እንደነበረ ገበሬው ራሱ ሳይረሳ ይጻፍለት። የሁለቱም ገጽ ፎቶግራፍ በቀን ብርሃን፣ ከጎኑ ማስመሪያ ተደርጎ ይነሣ። ከዚያ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን ይነገር፤ ያሳወቀውም ሰው ማሳወቁን የሚያረጋግጥ የጽሑፍ ማስረጃ ይቀበል።